ፊትህ የሌለበት ፊልም

ቶላዬ፣ የልጄ አባት፣

ያ የጉበት ሕመም አንተን ከነጠቀኝ ወዲህ ሁለተኛው መስቀል አለፈ። ቤታችን ደህና ነው። ከተማችን ዓለም ገናም እንዳለች አለች፤ አቧራውም ባጃጁም አልቀነሰ። ሲፈን አራት ዓመት አልፏታል፣ ምላሷ ግን የአርባ ዓመት ሴት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ከበደኝ፤ መልክህን ረስታለች። የሰርጋችንን ፎቶ ባሳያት፣ ይሄ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ማነው አለችኝ። እውነቷንም ነው፣ አንተ ከዚያ በኋላ መቼ ሱፍ ለብሰህ ታውቃለህ! ምናልባት ከፊልሞችህ አንዱ ላይ ፊትህን ባገኝላት ብዬ ስልክህን ከሳጥን አወጣሁት።

ወይ ጉድ፣ ስንቱን ነው ያነሳኸው! ሰርከስ ሳለህ በተማርከው ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ላይ ተሰቅለህ፣ ስልኩን ግንባርህ ላይ በላስቲክ አስረህ፣ ከተማውን ስትዞር ኖረሃል። በሕይወት ሳለህ አንዱንም ጨርሼ አላየሁልህም። አሁን ራታችን እስኪቀዘቅዝ ከሲፈን ጋር እናያለን።

አንተ የምታያት ዓለም ገና ለካ ሌላ ናት። ከላይ ሆነህ የቆርቆሮውን አጥር አሻግረህ ታያለህ። ያ ገበሬዎቹ ተነሥተው የታጠረው ማሳ፣ እኔ ፋብሪካ የተሠራበት ይመስለኝ ነበር፤ ውስጡ ሣር በቅሎ አንድ ጥጃ ታስሮበታል። እንዳትወድቅ እጆችህን ስትዘረጋ ደግሞ ሰው ሁሉ ሰላም ያልከው እየመሰለው ይመልስልሃል። በቆሎ ጠባሿ በማራገቢያዋ፣ ባለሱቁ ሐጂ በሚዛናቸው ሰሃን፣ ወደ ፉሪ መታጠፊያ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች በከዘራቸው። ሁሉም እየሳቁ ወደ አንተ ቀና ይላሉ።

ፊትህ ግን የትም የለም። ካሜራው ግንባርህ ላይ ነዋ! ሲፈን በየፊልሙ አባዬ የታለ ትለኛለች። የሚያየው እሱ ነው ብላት አይዋጥላትም።

ትናንት የቀረችውን አንዷን ከፈትን። በማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ የጅማ መንገድ የተዘጋ ቀን ነው። ያን ቀን ስልክ ግንባሩ ላይ ያሰረ ሰው ለወጣቶቹም ለወታደሮቹም ሰላይ ይመስላል ብዬ እንዳትወጣ ለምኜህ ነበር። አስፋልቱ ላይ ድንጋይና የተቃጠለ ጎማ ብቻ። ሱቁ ሁሉ ተከርችሟል። እጆችህን ዘርግተህ ትሄዳለህ፣ የሚመልስልህ ግን የለም። ምን ፍለጋ ነው የወጣኸው? በመጨረሻ ሐጂ በመዝጊያቸው ክፍተት ጣታቸውን አውጥተው አወዛወዙልህ። አንተም ወዲያው ዞርክ። ይህችን ብቻ ፈልገህ ይሆን? ብትነግረኝ ምን ነበር!

ከዚያ የራሳችን በር መጣ። ሲፈንን አዝዬ ቆሜያለሁ። እኔ የማስታውሰው ስቆጣህ ነው፤ የተሳደብኩትም ትዝ ይለኛል። ፊልሙ ላይ ግን ጥርሴ ሁሉ ወጥቶ እስቃለሁ። ጀርባዬ ላይ ያለችውም እጆቿን ዘርግታልሃለች።

ሲፈን እዚያ ላይ አስቆመችውና ብዙ አየችኝ፣ የፊልሟንም የአሁኗንም። አባዬን ያየ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚሆነው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ስልኩን አስቀምጣ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለችና፣ እስቲ አሁን አባዬን እዪው አለችኝ።

አየሁህ፣ ቶላዬ። እንባዬ ቢቀድመኝም ሳቄ ደረሰ፤ እሷም ፊቴን ትኩር ብላ አይታ ሳቀች። መልክህን በጠየቀችኝ ቁጥር አይሃለሁ፤ ቃሌ ነው።

ያንተው ሰናይት