ማጥፊያው በማን እጅ ነበር

ውድ እናቴ፣

ሰላምታዬን አስቀድሜ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ዛሬ ግን እጄ እሺ አላለኝም። መጀመሪያ ያቺን ቅጽበት ልጻፋት። ከወጣችልኝ በኋላ ጤናሽን እጠይቅሻለሁ።

ሸረሪቷ፣ ያቺ በእጄ የሠራኋት ድሮን፣ ከእትዬ ኮሌታ አናት በላይ አንድ ክንድ ያህል ቀርቷት ነበር። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ከሆዷ በኩል ያዟት። በዚያች ቅጽበት ሪሞቱ ላይ ያለችው ቀይ ማጥፊያ መጫን ነበረባት። አልተጫነችም። በምትኩ ኃይል የሚጨምረው የግራው ዘንግ ወደ ላይ ተገፋ። አራቱም ሞተሮች አንድ ላይ ጮኹ፣ ሸረሪቷ እጃቸው ውስጥ ተገለበጠች፣ ከዚያም ወፍራም ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። የተቀደደው ግን ጨርቅ አልነበረም።

ይኸው ጻፍኳት። አሁን እንዴት ነሽ እማዬ? ጉልበትሽ ደረጃ ማስወጣት ጀመረ? የታዘዘልሽን መድኃኒት "ተሽሎኛል" ብለሽ መሳቢያ ውስጥ እንዳልወረወርሽው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በሩን መክፈት እችላለሁ። የምሠራው ስልክ መጠገኛ ሱቅ ነው። ባለሱቁን ደንበኞቹ ሁሉ "ብሎን" ይሉታል፤ ጠፋ የተባለ ብሎን በመጨረሻ ከሱ ኪስ ስለሚገኝ ነው። ደግ ሰው ነው። የት ተማርሽ ብሎኝ ያውቃል እንጂ ለምን አቋረጥሽ ብሎኝ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ስትደውዪልኝ ሁለት ነገር ነገርሽኝ፤ ወንድሜ የበረራ ትምህርት ቤት መግባቱን፣ እኔ ደግሞ ሰኞ መጥቼ የመጨረሻውን ቃሌን መፈረም እንዳለብኝ። "እሺ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ያን እሺ የተናገረው ልማዴ ነው። እኔ ገና አሁን ነው የምመልስልሽ።

አንቺ ሁሌም "መጫወቻሽ" ትያታለሽ። እስቲ ዛሬ እንኳን ስሚኝ። ክንዶቿን ከአሮጌው አንቴና ቆርጬ ነው የሠራኋቸው። ሞተሮቿን ሁለት ክረምት ልጆች እያስጠናሁ ነው ያመጣኋቸው፤ አንድ አንድ እያልኩ። ካሜራዋ ከተሰበረ ስልክሽ የወጣ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ወድቃ አሥራ አንድ ጊዜ ጠግኛታለሁ። ከሱቅ የተገዛች ድሮን ለማብረር ጣት ይበቃል። በእጅ የተሠራች ግን የምትጮኸውን ማወቅ ይጠይቃል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የትኛው ሞተር እንደደከመ እለይ ነበር።

የግቢያችን አሸዋ ሞተር ይበላል። ስለዚህ መሬት አናሳርፋትም፣ በእጅ ነው የምንቀበላት። እትዬ ኮሌታ ከጎረቤት የስፌት መኪናቸውን ትተው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ብቅ ይሉ ነበር። "ይቺ ሸረሪት ክር የላትም እንዴ? ትምጣ፣ እኔ ጋ ሞልቷል!" ብለው ሲስቁ ትዝ ይልሻል? አንድ ቀን "እስቲ እኔም ልያዛት" አሉኝ። አስተማርኳቸው። ክንድ ተዘርግቶ፣ ፊት ዞር ብሎ፣ ከሥር ብቻ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ነበሩ የሚይዟት። ልብስ እንደሚለካ ሰው እጃቸው አይንቀጠቀጥም።

አንድ ነገር ግን አለ። ሸረሪቷ ሰው እንደያዛት አታውቅም። እጅ ትንሽ ሲያዘነብላት የምትወድቅ ይመስላታል፤ ለመቃናት ኃይል ትጨምራለች። ለዚህ ነው የሚያበርረው ሰው ልክ እንደተያዘች ማጥፋት ያለበት። አንድ እንኳን እስኪቆጠር አይጠበቅም። ማጥፊያዋን በጥፍር ቀለም ቀይ የቀባኋት ለዚሁ ነው።

የእኔ ጥፋት ይኼ ነው፤ ሸረሪቷን መያዝ አስተማርኳቸው፤ እንዲይዙ ያደረግኋቸው ግን የሚያበርረው ሰው ያጠፋል ብዬ ነው። ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ እቀበላለሁ።

የዚያን ቀን ወንድሜ "ዛሬ እኔ ላብርራት፤ ከሰው የማትገባ ሙሽራ አደረግሻት እኮ!" አለኝ። ስለ ማጥፊያዋ ሦስት ጊዜ ነገርኩት። "ማጥፊያ ማጥፊያ አትበዪብኝ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሰልሽ!" ብሎ ሪሞቱን አንገቱ ላይ አጠለቀ። እኔ አጥሩ ጋ ነበርኩ፤ ትርፏን ባትሪ ከቻርጀር ነቅዬ ይዣለሁ። ስጮኽ አልሰማኝም። ወይ ሰምቶ ጣቱ ተሳሰረ። እንደዚያ ቢሆን ይገባኛል እማዬ፤ ሰው ይደነግጣል። ባትሪውን ጥዬ ሮጥኩ፤ የእትዬ ኮሌታን አንጓ በገዛ ሜትራቸው አጥብቄ አሰርኩት። ቁጥሮቹ በደም ሲጠፉ አይቻለሁ።

ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ የፖሊስ መርማሪው ማን ያበርራት እንደነበረ ሲጠይቅ፣ ወንድሜ መሬት መሬት እያየ "እሷ ነበረች" አለ። አፌን ስከፍት ክንዴን ያዝሽኝ። ውሃ መቅጃው ጋ ወስደሽ ያልሽኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "እኔ ኩሽና ነበርኩ፣ አላየሁም። ማናችሁ ሪሞቱን እንደያዛችሁ ፈጣሪ ይወቀው። ግን የሱ የበረራ ትምህርት ቤት ፈተና ደርሷል፤ ክስ ያለበትን አይቀበሉም። አንቺ ብትወድቂ ትነሻለሽ። እሱ አይነሳም። ለሁለት ሳምንት ብቻ ዝም በዪ ልጄ።" ለመርማሪውም ኩሽና እንደነበርሽ ነገርሽው፤ ጻፈው፤ ፈረምሽበት።

ዝም አልኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ ሆዴ ባባ እንጂ። ሁለት ሳምንቱ ሰባት ወር ሆነ።

በነዚህ ወራት የኖርኩት በአንድ ነገር ነው፤ እናቴ አላየችም በሚለው። ወንድሜ ዋሽቷታል፣ እሷ ምን ታድርግ፣ አንዱን ማመን ነበረባት፣ እሱን አመነች። ብታይ ኖሮ ግን ከእኔ ጋር ትቆም ነበር። የምማርበት ቤተ ሙከራ ኃላፊ "ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው" ሲለኝ፣ ከእጄ እንኳን ሊቀበለኝ ሳይፈልግ፣ ይህን ነበር ለራሴ የምለው። መንደሩ "እጅ ቆራጯ" ሲለኝም ይህንኑ ነበር የምለው።

ሦስታችን ሆነን እትዬ ኮሌታን ልንጠይቅ የሄድን ቀን ትዝ ይልሻል? የስፌት መኪናው ተሸፍኗል። የታሰረው እጃቸው ትራስ ላይ ነው። ሁለቱ ጣቶች ከእንግዲህ መቀስ እንደማይይዙ ሐኪሙ ያን ጠዋት ነግሯቸው ነበር። "ይቅርታ" አልኩ። ወንድሜ ተቀብሎኝ "እኔ እኮ ስንቴ ተይ ብያታለሁ፤ መቼ ትሰማለች!" አለ። አየሁሽ። አንቺ የመኪናውን ሽፋን ታስተካክዪ ነበር። እሳቸው በግራ እጃቸው ኮሌታዬን አቃንተው "ልጄ፣ አንቺ እኮ ጠንቃቃ ነበርሽ። ምን ነካሽ?" አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢመቱኝ። ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ከተማ የቀየርኩት፤ ይዤው ነው የምተኛው።

አሁን ወደ ስልክሽ ልመለስ። እየሳቅሽ "ለፈታኞቹ በገዛ እጁ ድሮን እንደሠራ ሲነግራቸው አፋቸውን ያዙ አሉ!" አልሽኝ። ደስታሽ እውነተኛ ነበር፤ ድምፅሽ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ስትሠራ የእሱ ናት፣ ስትቆርጥ የእኔ። ስልኩን እንደዘጋሁ ሸረሪቷን ከትቼ ይዤው የመጣሁትን ጆንያ ከአልጋዬ ሥር ጎትቼ ወደ ሱቅ ወሰድኩት። ሰባት ወር ሙሉ አልከፈትኩትም ነበር።

ብሎን አየት አድርጎ "ምንድን ነው ይሄ፣ የማራገቢያ ሬሳ?" አለኝ። "የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ የሠራሁት" አልኩት። ከወራት በኋላ ይህን ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ቀልዱን ዋጠና ትንሿን ብሎን መፍቻ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠልኝ፤ ደንበኞቹንም ራሱ አስተናገደ። አንድ ክንዷ ተጣሟል፤ የካሜራዋ መስታወት ተሰንጥቋል። የቀረጸችውን የያዘችው ሚሞሪ ካርዷ ግን ደህና ናት። እንዳለች እያወቅሁ ለምን እስከዛሬ እንዳልፈለግኋት ልነግርሽ አልችልም።

የዚያን ቀን ቪዲዮ አራት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነው። ድምፅ የለውም። ሸረሪቷ ስትነሳ መጀመሪያ እኔ እታያለሁ፤ አጥሩ ጋ ባትሪዋን በሁለት እጄ አቅፌ። ቀጥሎ ወንድሜ፣ ሪሞቱ አንገቱ ላይ፣ የቤት ሥራ ሲከብደው እንደሚያደርገው ምላሱን ወጣ አድርጎ። ከዚያ ዞር ብላ ወደ ሰገነቱ ትወጣለች። አንሶላ ተሰጥቷል። አንቺ አለሽ። ሰማያዊ ቀሚስሽን ለብሰሻል። እጅሽን ግንባርሽ ላይ አድርገሽ ፀሐዩን ከልለሽ ወደ ታች፣ ወደ እሱ ታያለሽ። በሌላው እጅሽ "ዝቅ፣ ዝቅ አድርጋት" ትይዋለሽ። ትስቂያለሽ። እሱም ቀና ብሎ ይስቅልሻል። ሸረሪቷ ስትወርድ አንቺ ከምስሉ ጠርዝ አልጠፋሽም፤ እስከ መጨረሻው እዚያው ነሽ። እትዬ ኮሌታ ሲወድቁ የያዝሽው አንሶላ ከእጅሽ ይለቃል።

ሰማያዊው ቀሚስ ያምርብሻል። የዚያን ቀን ልብ አላልኩትም ነበር።

ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግርሽም። ብሎን ሱቁን ሊዘጋ መጥቶ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ምን ሆንሽ ሳይለኝ ውሃ ቀዳልኝ። ከምስሉ ውስጥ ያቺን የሰገነቷን ቦታ ቆርጦ ማውጣት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እንዴት እንደሚቆረጥ አውቃለሁ፤ ለደንበኛ በየቀኑ የምሠራው ነው። ከፈትኩት፣ መቁረጫዋን አስጠጋሁ፣ አለቀስኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። አልቆረጥኩትም።

እስከዛሬ ያደረግሁት ዝም ማለት ነው። ሰኞ የምትጠይቂኝ ግን በእጅ ጽሑፌ እንድዋሽ ነው። ልዩነቱ ይገባሻል ብዬ አምናለሁ፤ ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ።

ወንድሜን አልጠላውም። እንደ ተገረፈ ልጅ ዓይኑን ሲያርገበግብ አሁንም ይታየኛል፤ አሁንም ያሳዝነኛል። ደብዳቤዬን ብታሳዪው አልቃወምም። ሰው ጭኖ ከመብረሩ በፊት "በእኔ እጅ ነበረች" ማለትን ቢማር ነው ምኞቴ።

ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ወደ ቤት አልገባም። ወደ መርማሪውም አስቀድሜ አልሄድም። የምሄደው እትዬ ኮሌታ ቤት ነው፤ የጠየቁኝን ልመልስላቸው። ከእኔ በፊት አንቺ እዚያ ደርሰሽ ባገኝሽ ደስ ይለኛል። ምን እንደምትያቸው እኔ አልነግርሽም።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያበርታልሽ። ዕድሜሽን ያርዝመው፤ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ። ቤቱን ከበሽታና ከክፉ ወሬ ይጠብቀው። ይህን የምመርቅሽ ከልቤ ነው።

እወድሻለሁ እማዬ። ግን ያልያዝኩትን ይዣለሁ ብዬ አልፈርምም። ወንድሜ እንዲበር እኔ መሬት ላይ እንድቀር የተወሰነውን አልቀበልም፤ ከእንግዲህ በማንም አፍ፣ ባንቺም ቢሆን፣ "አላየሁም" ሲባል ሰምቼ እንዳመነ ሰው ዝም ማለትን አልቀበልም።

ሴት ልጅሽ