ለአንድ ሰው የማይሸጥ ወይን ጠጅ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 7፣ 1974። ማታ 12 ሰዓት።

ባዶ እጄን ተመለስኩ። እግሬ አቧራ፣ ሆዴ ንዴት። ከመ/ቤት ስድስት ሰዓት ወጥቼ፣ ልብስ እንኳ ሳልቀይር ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ኬላው ላይ መታወቂያዬን አገላብጠው መለሱልኝ። ደሴ በሹራብ ተነስቼ ኮ/ቻ ስደርስ ላብ በላብ።

እትዬ አለሚቱ አልሸጥም አሉኝ። የሙሴ ቤፔ ሚስት ናቸው፤ ጣሊያኑ ከሞተ ወዲህ የጓሮውን ወይን ብቻቸውን ይዘዋል። ካበርኔ የሚሉት ዘር። በዓመት የሚወጣው ጥቂት ጠርሙስ ነው፣ ምድር ቤት አሸዋ ውስጥ አጋድመው ያከርሙታል። ሁለቱ ጠርሙስ የእኛ ነው። ታደሰና እኔ በተጋባን ሰሞን መርጠን፣ ሰባት ዓመት ይተኛ ተብሎ፣ ቀብድ ሰጥተን የተውነው። ሰባቱ ዓመት ኅዳር ላይ ይሞላል።

እትዬ ግን የባላቸውን ሕግ አይሽሩም። የከረመ ወይን ለአንድ ሰው አይሸጥም። አንዴ ከተከፈተ አያድርም፤ ብቻውን የሚጠጣ ሰው ወይ ግማሹን ያበላሻል፣ ወይ ጨርሶ ያለቅሳል፣ ይላሉ። ሁለት ሆናችሁ ኑና እዚሁ ቅመሱ። ባልሽስ፣ አሉኝ። መንገድ ላይ ነው አልኳቸው።

ውሸት ነው? እንጃ። ካቻምና ተሳቢውን ይዞ ወደ አሰብ ወረደ። መኪናው በሌላ ሾፌር ተነድቶ ተመለሰ፣ እሱ አልተመለሰም። ያየው የለም። ጅቡቲ ተሻግሯል የሚሉ አሉ። ስለዚህ መንገድ ላይ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10።

ጉም። የጦሳ ተራራ አይታይም። ቀኑን ሙሉ ቃለ ጉባኤ ስተይብ ዋልኩ፣ ከዚያ የውይይት ክበብ። ስለ ምርት ዕድገት ሲወራ እኔ ስለ ወይን አስባለሁ። ካድሬው በጥሞና የምከታተል መስሎት አመሰገነኝ።

ማስታወሻዬ፣ ለምን እንደምፈልገው ለአንተ ብቻ ልንገርህ። በሠርጋችን ሰሞን አዲሱን ወይን ቀምሼ ፊቴን አጨማደድኩ። ምላስ ያስራል። ታደሰ ሳቀብኝ። እሱ ሙሴ ቤፔ ዘንድ የከረመውን ቀምሷል። ምን ምን ይላል ብዬ ብጠይቀው፣ አይነገርም፣ ስትጠጪው ፊትሽን አያለሁ አለኝ። ይኸው ነው። አሁን ብጠጣውስ ፊቴን ማን ያይልኛል? ናፍቆኛል። ናፍታ ናፍታ የሚሸተው ጃኬቱ እንኳ ናፍቆኛል። ጃኬቱ አለ፣ ሽታው ግን ለቆታል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 21።

ሰይድ ከአሰብ ተመልሶ ጎራ አለ። ስንት ዓመት ከታደሰ ኋላ ኋላ የነዳ ሾፌር ነው። ወሬ የለም። ሳልጠይቀው ራሱን ነቀነቀ። የወይኑን ነገር አጫወትኩት። ወላሂ ከጎንሽ እቆማለሁ አለ። መጠጣት አለብህ ስለው ደነገጠ። ጠርሙሱን ልያዝልሽ፣ መኪናም ላምጣ፣ መጠጡን ግን ተይኝ፣ ሐራም ነው። ሁለታችንም ሳቅን። ሲሄድ ቤቱ ጭር አለብኝ።

የመ/ቤታችን ሒሳብ ሹም ደግሞ፣ ወሬው እንዴት እንደደረሰው እንጃ፣ እኔ አለሁልሽ ብሎኛል። ዓይኑ ግን ወይኑ ላይ አይደለም። ይቅርብኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 3።

እማማ ጥሩነሽን አብረውኝ እንዲወርዱ ጠየቅኳቸው። የታደሰ እናት ናቸው፤ እሱ ከጠፋ ጀምሮ አብረን ነን። አፌ እንዴት እንደደፈረ አላውቅም። ስለ ልጃቸው «ነበር» የሚል ሰው ከሰሙ ቀኑን ሙሉ የሚኮርፉ ሴት ናቸው። ሰዓት እላፊ ነው ቢባል፣ የቀበሌ ጥበቃ ቢያስጠነቅቅ፣ ማታ የግቢውን በር አይቀረቅሩም። ልጄ የገዛ ቤቱን አያንኳኳም ይላሉ።

የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። ሽንኩርቱን ከትፈው ጨረሱ። ከዚያ፣ ጾሙ ሳይገባ ይሁን፣ አሉ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12። ማታ።

ሄድን። እማማ ጠመዝማዛውን መንገድ ዓይናቸውን ጨፍነው ወረዱት። እትዬ አለሚቱ ሰላም ብለውን ሲያበቁ፣ ሙሽራውስ፣ አሉ። አፌን ስከፍት እማማ ቀደሙኝ።

«ልጄ አይመጣም። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ።»

አይመጣም። ከአፋቸው ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። እኔ ያልሰማሁት ወሬ ደርሷቸው ይሆን ብዬ ፊታቸውን አየሁ። ምንም የለም። ደክሟቸዋል፣ ያ ብቻ ነው።

እትዬ ነገር አላበዙም። ጠርሙሱን ከአሸዋው አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ቡሹን ቀስ ብለው ሳቡ። አትቸኩሉ፣ ትንሽ አየር ያግኝ አሉን። ጠበቅን። ቀለሙ ወደ ጡብ ሄዷል። ቀመስኩ። ያኔ ምላሴን ያሰረኝ ነገር የለም። የበሰለ እንጆሪ፣ ከዚያ ዝናብ የነካው አፈር። ከዋጥኩትም በኋላ አለ። ታደሰ ልክ ነው፣ አይነገርም። ቀና ስል እማማ ጥሩነሽ የራሳቸውን ሳይነኩ ፊቴን ያያሉ። እንባዬ መጣ። አልደበቅኩም።

ጨረስነው። ሁለተኛውንስ ትወስዱታላችሁ፣ አሉ እትዬ። እማማ፣ ውሰጂው፣ ለማን ይቀመጣል አሉኝ። አይ አልኩ፣ ይተኛ። እሱ የታደሰና የእኔ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 13። ማታ 2 ሰዓት።

ትናንት ማታ እማማ የግቢውን በር ቀረቀሩት። የብረቱን ድምፅ ከአልጋዬ ሆኜ ሰማሁ። ዛሬ ነገሩን አላነሳነውም። ቀበሌ ስብሰባ ሄድን፣ መጣን፣ ሽሮ በላን። ሲመሽ እንደገና ቀረቀሩትና ተኙ።

ጋቢዬን ደርቤ ልወጣ ነው። መቀርቀሪያውን ልከፍት። ከዛሬ ጀምሮ ይህ የእኔ ሥራ ነው።