ሞስኮ ስትቃጠል ቱፋ የት ነበር?

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጦርነት ለእኔ ምኔ ነው? የታሪክ መጽሐፍ ከፍቶ ይህን ያላለ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እኔም ብያለሁ። በቀደም ግን ጥያቄው ዞሮ ለእኔ ቀረበልኝና አንተን አስጠራኝ።

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሊሞላ ነው። መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አሁን አሁን ትስቃለች። የወተት መኪናህን የገዛው ልጅ በበራችን ሲያልፍ ጥሩምባ ይነፋላታል፤ እሷም ልክ አንተን ትልህ እንደነበረው «ቀስ እያልክ» ትለዋለች። የጓሮው ባሕር ዛፍ ግማሹ ተቆርጧል፤ ከመኝታ ቤትህ መስኮት ሜዳው እስከ ማዶ ይታያል። ሱሉልታ ያው ሱሉልታ ናት። ጠዋት ጠዋት ሯጮቹ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላሉ፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል።

እኔ ግን ዲግሪዬን ይዤ ቤት መዋል አቅቶኝ ነበር። ታውቀኛለህ፣ መቀመጥ አልችልም። ሰበታ አመለከትኩ፣ ገላን አመለከትኩ። «እንደውልልሻለን» ያላለኝ የለም፤ የደወለልኝም የለም። እማዬ ከፋሲካ በኋላ አዳማ ሄጄ አክስቴ ሱቅ እንድገባ ቆርጣለች። አክስቴን እወዳታለሁ፤ ግን ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ታሪክ የማስተምረው ማንን ነው?

በመጨረሻ ቡራዩ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ጠራኝ። ለአንድ ቦታ ሁለት ነበርን፤ እኔና ብሩክ የሚባል የሰበታ ልጅ። በየተራ ዘጠነኛ ክፍል ገብተን አንድ አንድ ክፍለ ጊዜ እናስተምራለን፤ ዳይሬክተሯና ኦቦ ገመቹ የሚባሉ አንጋፋ የታሪክ መምህር ከኋላ ተቀምጠው ያዩናል። ርዕሱ ለሁለታችንም አንድ ነው፦ በፈረንጆቹ 1812 ዓለም ላይ ምን ሆነ?

ሳነበው ራሴን ያዝኩ። የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው አሰልፎ ሩሲያ ይገባል። አሜሪካና እንግሊዝ ይዋጋሉ። ስፔኖች ተከበው ሳሉ ሕገ መንግሥት ያጸድቃሉ። ካራካስ በምድር መንቀጥቀጥ ትፈርሳለች። ይህ ሁሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ። ብሩክ ደግሞ ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኛል፤ እኔ ያለኝ ጠመኔ ነው።

ከዚያ ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ ጀመርኩ። ቦሮዲኖ በሚባል መንደር ሁለቱ ጦሮች ከንጋት እስከ ምሽት የተላለቁበት ቀን በእኛ ጳጉሜን ሦስት ዋለ። ሩፋኤል! ሞስኮ የተቃጠለችው አዲስ ዓመታችን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሲሸሹ የበረዶውን ወንዝ እየተረጋገጡ ተሻግረው የጨረሱት ደግሞ ለኅዳር ጽዮን። አንተ ቀንን በቁጥር ጠርተህ አታውቅም። መኪናው የተበላሸብህ «ለሚካኤል ዋዜማ» ነው፣ እኔ የተወለድኩት «በልደታ ማግስት»። ስለዚህ በአንተ አፍ ልንገራቸው አልኩ።

ክፍሉ ገብቼ መጀመሪያ የጠየቅኋቸው ለሩፋኤል ምን እንደሚያደርጉ ነው። ተንጫጩ። ዝናቡ ውስጥ እንደሚጨፍሩ፣ አንዱማ እናቱ በግድ ገፍታ እንደምታስወጣው ነገሩኝ። በዚያ ዝናብ ሰዓት፣ አልኳቸው፣ ሩቅ አገር ላይ ሁለት ጦር እየተላለቀ ነበር። ከዚያ እየመራሁ ሞስኮ አስገባኋቸው፤ ባዶዋን ከተማና እሳቱን አሳየኋቸው፣ በጥቅምት አስወጣኋቸው። ወታደሮቹ በረሃብና በብርድ መንገድ ላይ እንደቀሩ ስነግራቸው ከኋላ አንዱ፣

«ቲቸር፣ ሱሉልታ ነው እንዴ የገቡት?» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የሱሉልታ ልጅ መሆኔን ስነግረው ጠረጴዛው ስር ሊገባ ምንም አልቀረው። እኔም ሳቄ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

ታዲያ ፊት ለፊት የተቀመጠች ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ያኔ እኛ የት ነበርን?»

ጎንደር ላይ ስም ብቻ የቀረው ንጉሥ እንደነበረ፣ መሳፍንቱ እርስ በርስ ይዋጉ እንደነበር ነገርኳት።

«እሱን ተምረናል። እኛ ነው ያልኩት፤ የእኛ ሰዎች።»

አባዬ፣ ትዝ ያለኝ በወተት መኪናህ ጋቢና ውስጥ የነበርንበት ጠዋት ነው። ከሱሉልታ ተነስተን እንጦጦን ስንወርድ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቁጠሪ» ትለኝና ዘሬን እቆጥርልሃለሁ። ስም በዘለልኩ ቁጥር ጥሩምባ ትነፋለህ። ከፊታችን ያለው የሚኒባስ ሾፌር ተናዶ አንገቱን በመስኮት ሲያወጣ «ልጄን እያስጠናሁ ነው» ትለው ነበር። ያንኑ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ከላይ ወደ ታች ጻፍኩት፦ ሔለን፣ ቶላ፣ ጉደታ፣ በዳዳ፣ ሮቢ፣ ዋቆ፣ ቦሩ፣ ቱፋ። በየስሙ ዕድሜ እየገመትን ወደ ኋላ ሄድን። ቱፋ ላይ ስንደርስ ሞስኮ ደረስን። ያኔ ጎልማሳ ነበር፤ ምናልባት የዘራው ገና አልደረሰም፣ ምናልባት ከብት ሊሸጥ ወጥቷል። ምን ሲያደርግ እንደዋለ አላውቅም አልኳቸው፤ ግን ነበረ። ከዚያ በኋላ ልጆቹን ማን ያስቁማቸው? የአያቱን አባት የሚያውቀው ይጮኻል፣ የማያውቀው ጓደኛውን ይጠይቃል። የእናቴን ወገን ብቻ ነው የማውቀው ላለችኝ ልጅ በእናቷ በኩል አስቆጠርኳት። ደወል ተደወለና የአሜሪካን ጦርነት ሳልነካው ቀረሁ።

ሲወጡ ኦቦ ገመቹ መነጽራቸውን አወለቁ። «ፈተና ላይ ሩፋኤል ብለው ቢጽፉ ማን ያርምላቸዋል?»

ሁለቱንም ቀን እንደማስጽፋቸው፣ ያልደረስኩበትንም በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንደምጨርስ ነገርኳቸው። የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ማለቴ እኔኑ አስደነገጠኝ፤ ገና ማን ሰጥቶኝ። እሳቸው ግን ሰሌዳውን ነበር የሚያዩት። «ከቱፋ በላይስ ማነው?»

አላውቅም አልኳቸው። ከዚያ «አባቴ ያውቅ ነበር፤ አርፏል» አልኩ። ማረፍህን እንባ ሳይቀድመኝ ለሰው ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው። ኦቦ ገመቹ ሰሌዳውን ሊያጠፋ ዳስተር ያነሳውን ልጅ «ተወው» አሉት።

ትናንት ዳይሬክተሯ ደወለች። ሰኞ እጀምራለሁ። እማዬ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤት ሠርግ መስሎት መጣ። ብሩክም ደውሎ «ሱሉልታ አሸነፈች» አለኝ፤ እሱ ሰበታ ማስጠኛ ሊከፍት ቤት እያፈላለገ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቼ እንዳግዘው ለምኖኛል። እሺ ብያለሁ። ብቻ አንድ ነገር፣ አባዬ፤ ስቆጥር አንተ ሁልጊዜ ከጎኔ መሪ ይዘህ የምትሰማ ነበርክ፤ አሁን ከሚቆጠሩት ወገን ነህ። ስምህን በጠራሁ ቁጥር ረጋ ብዬ እጠራዋለሁ፤ ልጆች ስወልድም ከአንተ ላይ ዘልለው እንዲያልፉ አልፈቅድላቸውም።

ይህን ደብዳቤ የምታነቡ፣ ኦቦ ቶላን በወተት መኪናው የምታውቁት የሱሉልታና የቡራዩ ሰዎች፣ የቱፋን አባት ስም ሲጠራ የሰማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። አንተም አባዬ፣ እዚያ ቱፋን ካገኘኸው ራሱን ጠይቀውና በሕልሜም ቢሆን መልሱን ላክልኝ። ያቺ ቀጭን ልጅ ሰኞ መጠየቋ አይቀርም።

ልጅህ ሔለን