በገዛ ሱቄ የተለካሁ ዕለት

ለልጄ፤

አታለልሽኝ። ቀሚስ አሰፋለሁ ብላ ሱቄ የገባችው ልጅ የአንቺ መልእክተኛ ነበረች። ዘመኔን ሁሉ ሰው ስለካ የኖርኩትን ሰውዬ በገዛ ሱቄ አስለካሽኝ። ይህን ያስቀደምኩት በሰላምታ መሀል እንዳይጠፋ ነው። አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። የጌታ ሰላም ከአንቺና ከልጆችሽ ጋር ይሁን። የአዳማ ሙቀት እንዴት አድርጓችኋል? እኔ ደኅና ነኝ።

ልጅቷ ሐዳሳ ትባላለች፤ የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት። ከቦርሳዋ የራሷን ሜትር አውጥታ ማን እንደላካት ስትነግረኝ ላባርራት ተነሳሁ። አልሄደችም። አባባ፣ ኮትዎን ያውልቁልኝ፣ የምለካው ክንድ ነው እንጂ ገበር አይደለም አለችኝ። ደንበኞቼን የምቆጣው እኔው ራሴ እንደዚህ ስለሆነ ኮቴን አወለቅኩ።

ልነቅፋት ብዬ ሥራዋን ተከታተልኩ። ግራ ክንዴን አጥፋ ከትከሻዬ ጫፍ እስከ ክርኔ ለካችና መሀሉ ላይ ምልክት አደረገች። እጄን ዘና አድርጌ እንድለቀው ነግራኝ ሜትሩን ምልክቱ ላይ አዞረች። አላጠበቀችም፣ አላላላችም። ደግማም ለካች። ቁመቴን ስትፈልግ ግድግዳ አላስደገፈችኝም። ጀርባዎ ጎብጧል፣ ክንድዎ ግን አልጎበጠም ብላ፣ እጄን ዘርግታ ከአንገቴ ሥር እስከ ጣቶቼ ሥር ለካችና የጎልማሳነት ቁመቴን አሰላች። ልክ ነበር። የሠርግ ሱፌን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ። ያለ አስተማሪ ሙያ የያዝኩ ሰው ነኝ፣ ሰው አላደንቅም። እሷን አደነቅኩ።

የክንዴ ውፍረት ለአዋቂ ወንድ አይበቃም፣ ከስተዋል አለች። ሱሪዬ መች ሰፋኝ ብላት የወገቡን ስፌት ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ ስንቴ አጠበቡት ብላ ሳቀች። የድሮው የመርፌ ቀዳዳ በረድፍ በረድፍ ይታያል። መክሳቴን አንቺም ቶሎ ያላየሽው ለዚህ ነው።

እሷ በላከችኝ ጤና ጣቢያ ደሜም ሳንባዬም ተመረመረ፤ በሽታ የለም። ሐዳሳ እራት ከማን ጋር ይበላሉ ስትለኝ፣ እሱ በሜትር አይለካም አልኳት። እሺ አባባ አለች።

ወይ ይመገቡ ወይ ሱቁን ዘግተው ወደ እኔ ይምጡ ብለሽኛል። ሱቄን አልዘጋም። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ጨርቅ ስቆርጥበት የነበረውን የምግብ ጠረጴዛ ትናንት ወደ ቤት አስመልሻለሁ። ደረሰ የሚባለው ጎረቤቴ ማታ ማታ አብሮኝ ሊበላ ይመጣል። ወሬ ያበዛል፤ ሐዳሳ ያዘዘችልኝን ዓሣ እየበላሁ እታገሠዋለሁ።

ጌታ ዘመንሽን ይባርክ፤ ልጆችሽን በጤና ያሳድግልሽ። ስለ ክንዴ ከእንግዲህ አንዲት ቃል አልናገርም፤ ስትመጪም አትጠይቂኝ።

አባትሽ