ኦቦ ቦሩ እኔ ነኝ

ይድረስ ለወንድሜ ለፍቅረሥላሴ፣ ኢስታንቡል፤

ፍቅሬ፣ እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? ብርድ ሲመጣ የሚያስቸግርህ ጉሮሮህ ዘንድሮ ተወህ ወይስ ጀመረህ? በደንብ ትበላለህ? እንቅልፍ ትተኛለህ? አብሮህ የሚኖረው ኡበይድ ደህና ነው? አሁንም ምግቡን እሱ እየሠራ አንተ ዕቃ ታጥባለህ? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ካደረብኝ ፍርሃት በቀር ምንም የሚያመኝ ነገር የለም። ቤቱም ደህና ነው። ጣሪያው ክረምቱን አላፈሰሰም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ አንዳንዴ ሦስት ቀን ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ምን ተገኘ እያለ ይጠራጠራል።

ባለፈው ቅዳሜ ደውለህ "ማርዬ፣ ድምፅሽ ምነው?" ስትለኝ ጉንፋን ነው አልኩህ። ጉንፋን አልነበረም። የምነግርህ ነገር ነበረኝ፤ አፌ ተሳሰረብኝ። ስለዚህ በእጄ እጽፍልሃለሁ። ጽሑፌን ታውቀዋለህ፣ ማን ጻፈው ብለህ አትጠራጠርም። ጎረቤታችን ራቢአ ለሱቋ ልብስ ልታመጣ ዓርብ ወዳንተ አገር ትበራለች፤ በእጅህ ትሰጥሃለች። ቁጭ ብለህ አንብበው። ሳትጨርስ እንዳትደውልልኝ፣ በእመብርሃን።

ፍቅሬ፣ ኦቦ ቦሩ እኔ ነኝ።

በቴሌግራም የክላሲካል ሙዚቃ ወዳጆች ብላችሁ የምትሰባሰቡበት ቡድን ውስጥ ያሉት የሱሉልታው ኦቦ ቦሩ፣ ላም አርቢው፣ አንተ "እርስዎ" እያልክ ገመናህን የምታዋያቸው ሽማግሌ፣ እኔ እህትህ ማሪቱ ነኝ። በል ውሃ ጠጣና ቀጥል።

አመጣጡን ልንገርህ፤ ተንኮል አልነበረበትም። አንተ ከሄድክ በኋላ ቤቱ ዝም አለብኝ። "ቀንሰው! ጆሮዬን በጠሰው!" እያልኩ ሙዚቃ በከፈትክ ቁጥር ስጮህብህ የኖርኩት ሴትዮ፣ ዝምታው ሲመጣ መቀመጫ አጣሁ። በሚያዝያ በፋብሪካችን ሚዛን ቤት ይሠሩ የነበሩ ኦቦ ቦሩ የሚባሉ ሰው ጡረታ ወጥተው ወደ ሱሉልታ ሲገቡ፣ ስማርት ስልካቸውን ከነሲም ካርዱ ለእኔ ተዉልኝ። ለዓይኔም አልሆነኝ አሉ። አንተ የምትደውለው በባለቁልፉ ስልኬ ስለሆነ አዲሱን አልነገርኩህም፤ ድንገት በቪዲዮ ደውዬ ላስደነግጥህ ነበር ሐሳቤ። ቴሌግራሙ በእሳቸው ስም ተከፍቷል፤ ፎቶው ላይ ያለችውም ቀይ ላማቸው ናት። እንዴት እንደሚቀየር አላወቅሁም፣ የመሥሪያ ቤት ልጆችን እንዳልጠይቅ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ መሳቂያ መሆን አልፈለግሁም።

አንድ ቀን "ክላሲካል" ብዬ ስፈልግ የእናንተ ቡድን መጣልኝ፤ ገባሁ። አስተዳዳሪዋ ሉሲ "ኦቦ ቦሩ ከሱሉልታ፣ እንኳን ደህና መጡልን!" ብላ ጻፈች። ላርማት ስል ያ ሁሉ ሰው አበባ ይልክልኝ ጀመር። እኔን በሕይወቴ አበባ ልኮልኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ማረሙን ተውኩት።

ደንባችሁን ወደድኩት። እሁድ ከሰዓት አንዱ አባል ሙዚቃውን ይመርጣል፣ ሁሉም ባለበት ቤት በአንድ ጊዜ ይከፍታል፣ ሲያልቅ የሰማውን ይጽፋል። እኔ ስለ ሙዚቃ ምን አውቃለሁ? አፌ ላይ የመጣውን ጻፍኩ። "ይሄ ሰውዬ ሲጀምር ተቆጥቶ ነበር፣ ሲጨርስ ግን የተቆጣበትን ረሳው" ብል ሉሲ እንዲህ ያለ ጆሮ በትምህርት አይገኝም ብላ አደነቀችኝ። በሁለተኛው እሁድ ግን "ፍቅሬ ከኢስታንቡል" የሚል ስም አየሁ። ወዲያው እኔ ነኝ ልልህ ጣቴን አንስቼ ነበር። ግን ስለዚያ ቼሎ ስለሚባል የሙዚቃ መሣሪያ የጻፍከውን ሳነብ እጄን መለስኩ። ለእኔ እንዲያ አውርተህልኝ አታውቅም። ለእኔ ያለህ "ደህና ነኝ፣ ትምህርት ጥሩ ነው፣ ብርድ ነው" ብቻ ነው። ትንሽ ልስማው፣ ከዚያ እነግረዋለሁ አልኩ።

በሐምሌ ለብቻዬ ጻፍክልኝ። "ይቅርታ ኦቦ ቦሩ፣ እኔ የቡራዩ ልጅ ነኝ፤ የሱሉልታ ሜዳ አሁን አረንጓዴ ነው?" አልክ። "አረንጓዴ ነው ልጄ" ብዬ መለስኩ። ከዚያች "ልጄ" በኋላ መመለሻ አጣሁ። አንተ በጻፍክ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ስልኩን ስዘጋ ደግሞ ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ። ለቡድኑም ውሸቴ እየበዛ ሄደ። በድምፅ ይናገሩ ባሉኝ ቁጥር ላሜ እየወለደች ነው እላለሁ። በአምስት ወር አራት ጊዜ አስወለድኳት! ሉሲ ላሞቹ ሙዚቃ ሲሰሙ ምን ይሆናሉ ብላ ብትጠይቀኝ ጨዋ ይሆናሉ አልኩ። ምን ነካኝ? በሥራ ቦታ አንዲት ካርቶን ስትጎድል የምጮህ ሴት እኮ ነኝ።

መስከረም ላይ ያን ረጅሙን መልእክት ላክህልኝ። የፋርማሲ ትምህርቱን ከተውክ ዓመት እንዳለፈህ፣ ፒያኖ ከሚጠግኑ ሽማግሌ ዘንድ ገብተህ መቃኘት እየተማርክ እንደሆነ፣ የመኖሪያ ወረቀትህ የተማሪ ስለሆነ ሲያልቅ ምን እንደምትሆን እንደማታውቅ። ያነበብኩት ስቶር ውስጥ ነው፤ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፣ አልዋሽህም። እኔ እዚህ ለሰፈሩ ሁሉ ወንድሜ መድኃኒት ቀማሚ ሊሆን ነው እያልኩ! ራቢአ የደም ግፊት መድኃኒቷን በአንተ ስታስጠይቅ አንተም ኮራ ብለህ ትመልስ የለ? ለመሆኑ ከየት እያመጣህ ነበር? የሰው ሴት ልትገድልብኝ!

ንዴቱ ግን ማታውኑ ወጣልኝ፤ ፍርሃቱ ነው የቀረው። ያ ወረቀት ሲያልቅ ወዴት ይሄዳል፣ ፖሊስ ቢይዘው ማን ያውቅለታል እያልኩ ሥራ ላይ ሁሉ እፈዛለሁ። ከሁሉ ይልቅ አንጀቴን የቆረጠው የመጨረሻው ነው። "እህቴ እኔን ለማሳደግ ስትል ሳታገባ ቀረች፤ ተውኩት ብላት ዕድሜዋን ሁሉ ከንቱ አደረግሁባት ማለት ነው። አባት የለኝምና እርስዎን ልጠይቅ፤ ልንገራት ወይስ ተመረቅሁ ብዬ ልዋሻት?" ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔ ምን ብዬ መለስኩልህ? "ትንሽ ቆይ ልጄ፣ ላሜ ልትወልድ ነው።" ሰው ለእንዲህ ያለ ጥያቄ እንዲህ ይመልሳል? ከዚያ በኋላ የጻፍክልኝን አልከፈትኩትም፣ ፈርቼ።

አሁን ደግሞ እንደምታውቀው ሉሲና አባላቱ ሁለት ሚኒባስ ተከራይተው ጥቅምት 23 እሁድ ሱሉልታ ሊመጡ ነው። ኦቦ ቦሩ ሜዳ ላይ፣ ላሞቹ ባሉበት፣ ትልቅ ስፒከር ተክለው ሊሰሙ። አንተም ከዚያ በቪዲዮ ልትገባ። ባለፈው ሰኞ ፈቃድ ወስጄ፣ ሦስት ታክሲ ቀያይሬ፣ ዋናው ኦቦ ቦሩ ዘንድ ሄድኩ።

ድርቆሽ ሲያስከምሩ ነው የደረስኩባቸው። "አካም ጅርታ ማሪቱ፣ ስልኩ ተበላሸ እንዴ?" አሉኝ። ቆሜ ሁሉንም ተናዘዝኩ። መጀመሪያ እስኪበቃቸው ሳቁ፤ ቀይዋ ላም አራቴ ወለደች ስላቸውማ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ቀጥለው "እዚያ ውስጥ ያለሁት እኔ ጥሩ ሰው ነኝ?" ብለው ጠየቁኝ። ጥሩ ሰው ነዎት፣ ሁሉም ይወድዎታል አልኳቸው። እንግዲያው ይምጡ፣ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ወተትም አለ፣ አንቺው ከጎኔ ቆመሽ እውነቱን ትነግሪያቸዋለሽ አሉ። አንተ ላይ ስንደርስ ግን ሳቃቸው ቆመ። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ስሜን ወስደሽ ተጫወትሽበት፣ ይሁን። ልጁ ግን ሆዱን የሰጠው ለእኔ መስሎት ነው። እኔ ያልሰማሁትን ሰምቼሃለሁ ብዬ ፊቱን አላየውም። እሁድ ሳይደርስ ንገሪው" አሉኝ። እንኳን ሻይ፣ ውሃ ሳልቀምስ ተመለስኩ።

እንግዲህ እየነገርኩህ ነው። የምፈራው የሉሲን ትዝብት እንዳይመስልህ። ያ የቡድኑ ሰው ይስቅብኛል፣ ያልፋል። የምፈራው፣ በዚያ ባዕድ አገር ሆድህን የምትነግረው አንድ ሽማግሌ አግኝተህ ነበር፣ እኔ ነጠቅሁህ። ከዚህ በኋላ ለእኔ "ብርድ ነው" ብለህ ብቻ ብትዘጋው፣ ለሌላ ሰውም አፍህን ባትከፍት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይሄን እያሰብኩ እጄ ላይ ያለውን እስክሪብቶ እረሳዋለሁ።

ያንን ጥያቄህን ግን እንደ እህት ልመልስልህ። ተድላን ያላገባሁት በአንተ ምክንያት አይደለም። ተድላ ደግ ሰው ነበር፤ ግን ሲያወራ እንቅልፌ ይመጣል። ስለ ቆርቆሮ ዋጋ ከጀመረ እስከ ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ቆርቆሮ ነው። ሽማግሌ ሲልክብኝ አልወደድኩትም ማለት አፈርኩና "ወንድሜን ላሳድግ" አልኩ። አንተ ያኔ አሥራ አንድ ዓመትህ ነው፤ ለካ ጓዳ ሆነህ ሰምተሃል። ከዚያ ሰፈሩ "ማሪቱ ለወንድሟ ስትል" እያለ ሲያመሰግነኝ ደስ አለኝ፤ እውነት እውነት መሰለኝ። እኔ ምስጋናውን ስበላ ዕዳውን አንተ እንደተሸከምክ አላወቅሁም። ሙዚቃ እንጀራ አይሆንም ብዬ ያፈንኩህም እኔ ነኝ። አንተን ማሳደግ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ደስ ያለኝ ሥራ ነው፤ ማንም አስገድዶኝ አልነበረም፣ ምንም አልቀረብኝም። ስለዚህ ልንገራት ወይስ ልዋሻት እያልክ አትጨነቅ። ነግረኸኛል ወንድሜ። ሰምቻለሁ፣ አልሞትኩም።

የወረቀቱን ነገር ግን ዛሬ ነገ አትበል። በሥራው ሌላ ፈቃድ ይገኝ እንደሆነ አሠሪህ የሚያውቀው ሰው አያጣም፣ ጠይቀው። ለራቢአም ስለ መድኃኒቱ ራስህ ንገራት፤ እኔ አላሳፍርህም።

አንብበህ ስትጨርስ በባለቁልፉ ደውልልኝ። እንደ ወትሮው "ማርዬ" ብለህ ከጀመርክ ይቅር እንዳልከኝ አውቃለሁ። ተናደህ "እርስዎ" ካልከኝም፣ እንደ ሽማግሌ ቁጭ ብዬ ስድቤን እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። ብቻ ደውል።

ራቢአ ራሷ ሰላም ትልሃለች፣ መቼም ፊት ለፊትህ ቆማለች። ኦቦ ቦሩ ሰላም ብለውሃል፤ ከፈለግህ ከአሁን ጀምሮ በእውነት ልታወራቸው ትችላለህ፣ አዲሱን ቁጥራቸውን ከጀርባው ጽፌልሃለሁ። ኡበይድን ሳምልኝ፤ ዕቃ ማጠቡን ለአንተ ብቻ እንዳይተወው በለው። የፒያኖ አሠሪህንም እህቴ እጅ ነስታዎታለች በልልኝ። የትኛዋ እህትህ ናት ካለህ፣ ሳልነግራት ሁሉን ነገር የሰማችው በለው።

እህትህ ማሪቱ
ቡራዩ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.