የግራው ጎን ስፌት

ጎረቤላ፣ አንኮበር
ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፣

የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞሻል? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? አከራይሽ አሁንም ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የምትለቅልሽ? እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ፤ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ሦስት አራት ጊዜ እሞክራለሁ። የስፌት መኪናዬም እንደ ባለቤቷ ታጉረመርማለች እንጂ አልቆመችም።

ባለፈው እሑድ የሚኒባሱ ሹፌር ቃለ አብ ጠዋት በአስፋልቱ ዳር ስትሮጪ እንዳየሽ ነገረኝ። ማን እያባረራት ነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔም፣ ባል ሊሆን የሚፈልግ ሁሉ ሮጦ ይያዘኝ ብላ ነው፣ እስካሁን የደረሰባት የለም አልኩት። ይቅር በይኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ይህን በቴሌግራም ያልጻፍኩልሽ ጽፌ መልሼ ስለማጠፋው ነው። ሦስት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ወረቀቱን ግን አንዴ ለቃለ አብ ከሰጠሁት ሚኒባሱን ሮጬ አልደርስበትም። በስልክ ደግሞ ድምፅሽን ስሰማ ወደ ቀልዴ እሸሻለሁ።

ለጥምቀት መጥተሽ ሳለ ጡትሽን ሐኪም እንዲያየው ሄደሽ እንደሆነ ጠይቄሽ ነበር። ያልሽኝን አልረሳሁም። “እኔ እሮጣለሁ፣ እኔን አይነካኝም። እናቴን የገደላት ዝምታዋ ነው። ለአንድ ሰው እንኳን ብትናገር ኖሮ ዛሬ አብራን ነበረች” አልሽ። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መቃብሯን ዞር ብለሽ ሳታዪው አለፍሽ።

ተናግራ ነበር። የተናገረችው ለእኔ ነው።

በ2014 ሰኔ መግቢያ ላይ ቀሚሷን ይዛ ወደ ሱቄ መጣች። ግራውን ጎን ትንሽ ልቀቅልኝ አለች። እኔም እንደ ልማዴ፣ እታለም ወፍረሻል፣ ያውም በአንድ ጎን፣ ቀኙ ምን በደለ አልኳት። “ዝም በል፣ አንተ ወሮበላ” አለችኝ። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጡቷ ላይ ሽምብራ የሚያክል ነገር ከወጣ ሁለት ወር እንደሆነው፣ እንደማያማት፣ ግን እያደገ መሆኑን ነገረችኝ። ደብረ ብርሃን ልሂድ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔን። ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ፣ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ በማንበብ የሰፈር “ዶክተር” የተባለውን ወንድሟን።

ሱቅ ውስጥ ስለ ሴቶች ጤና የምታወራ አንዲት ትንሽ መጽሔት ነበረችኝ። አውጥቼ አነበብኩላት። ሰውነቷን ዘወትር የምታንቀሳቅስ ሴት ደሟ ውስጥ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን መጠኑ ዝቅ ሊል እንደሚችል፣ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏም እንደሚቀንስ ትላለች። ሆርሞን ምንድን ነው ስትለኝ፣ ደም ውስጥ የሚዞር መልእክተኛ ነው፣ ሲበዛ ጡትን እደግ እደግ እያለ ይነዘንዛል አልኳት። እስከዚህ ብዙም አልተሳሳትኩም። ከዚያ ግን ከራሴ ጨመርኩበት። “አንቺ ነጭ ሽንኩርት ተሸክመሽ አሊዩ አምባ ገበያ የምትወርጂ፣ ማሾ ተሸክመሽ ያንን ዳገት የምትወጪ ሴት! ይህ ወንበር ላይ የሚውሉ ሰዎች በሽታ ነው። አንቺን ልያዝ ብሎ ቢመጣ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጥሮት ይቀራል።”

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ቀልዴ ደስ አለኝ። ቀሚሱን ሁለት ጣት ያህል ለቅቄ ሰጠኋት። በዚያ ቀሚስ ስምንት ወር አሊዩ አምባ ወረደች፣ ወጣች።

ካረፈች በኋላ መጽሔቷን ፈልጌ አገኘኋት። የሚቀጥለው ገጽ ላይ፣ አዲስ እብጠት ያገኘች ሴት፣ ብትሮጥም ባትሮጥም፣ ቢያማትም ባያማትም፣ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ጋ ትሂድ ይላል። ያንን ገጽ አልገለጥኩትም ነበር። እኔ ሰው ከሳቀልኝ ማንበብ አቆማለሁ።

ሆስፒታል የተኛች ዕለት ሐኪሙ፣ ይህን ያህል ጊዜ ሲቆዩ ለማን ነገሩ ብሎ ጠየቃት። አንቺም እኔም አጠገቧ ቆመን ነበር። “ለማንም” አለች። ወዲያው ወደ እኔ ዞራ ውሃ አምጣልኝ ብላ ላከችኝ። ራስጌዋ ያለው ጠርሙስ ሙሉ ነበር። ሄድኩ። ተመልሼ ስገባ እየተቆጣሻት ደረስኩ፤ ለልጅሽ እንኳን እንዴት አትነግሪም ትያታለሽ። እሷ ዓይኗን ጨፍናለች። ጠርሙሱን ይዤ ቆምኩ፣ አፌን አልከፈትኩም። እስክታርፍ ድረስ አልከፈትኩም።

ሩጫውን አትተዪ። መጽሔቷ አልዋሸችም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይቀንሳል ማለት ያስቀራል ማለት አይደለም። የሰፋሁልሽ ካፖርት ብርዱን ይቀንስልሻል፣ ጉንፋን ግን ይዞሽ ከርሟል። የጤና ጣቢያችንን ነርስ ሠናይትን ሄጄ ጠይቄያታለሁ፤ እናቷ በዚህ በሽታ የሞተችባት ልጅ ምንም ባይሰማትም በጊዜ መታየት አለባት አለችኝ። ለፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ስምሽን አስይዛልኛለች።

የምትቆጪ ከሆነ እኔን ተቆጪ። እናትሽን ግን ተያት፤ የእኔን ዕዳ ነው ይዛ የሄደችው።

ሰኞ እመጣለሁ። ማክሰኞ ከሆስፒታሉ በር ገባ ብሎ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ታገኚኛለሽ። አጠገቤ መቀመጥ ባትፈልጊ፣ ሰላም ባትይኝም፣ ማዶ ሌላ ወንበር አለ። ብቻ ነይ።

እመብርሃን ከክፉ ትሰውርሽ። እግዜር ዕድሜሽን ያርዝመው፤ እናትሽ ያላየችውን ሽበት ያሳይሽ።

የእናትሽ ወንድም