በቀለሙ ስም ያሻገርኳቸው

መስከረም 9

ዛሬ ሦስት ጊዜ ወደ ማዶ፣ ሦስት ጊዜ ወደዚህ። ዓባይ ገና አልጎደለም። ቀለሙ እንደ ወትሮው ከጎኔ ተቀምጦ "አሁን ቀንሺ... አሁን ጨምሪ" ይላል። ከቀነስኩ በኋላ ነው ቀንሺ የሚለኝ። እሺ እላለሁ።

ዓይኑ ከደከመ አምስት ዓመቱ ነው። ሞተሩን የያዝኩትም ያኔ ነው። ተሳፋሪ ሲጠይቀው "ሚስቴን እያለማመድኳት ነው" ይላል። አምስት ዓመት ሙሉ ልምምድ...

ከጀልባ ማኅበሩ ወረቀት መጣ። ከኅዳር አንድ ጀምሮ የብቃት ማረጋገጫ የሌለው ሰው ጀልባ አይነዳም። የዓይን ምርመራ፣ ፈተና፣ ቢያንስ የሁለት ዓመት የመንዳት ማስረጃ። ቀለሙ "እስቲ አንብቢልኝ" አለ። የዓይን ምርመራ የሚለው ላይ ስደርስ ተነስቶ ወጣ።

መስከረም 13

ሞጣ፣ ማኅበሩ ቢሮ ወጣሁ። ጉዳዩን የያዘው አምላኩ የሚባል ልጅ እግር ሠራተኛ ነው። ትሑት ነው፣ ግን ፍንክች አይልም። የጉዞ ደብተራችንን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጠው።

"በዚህ ደብተር መሠረት እርስዎ አንድ ቀንም አልነዱም" አለኝ።

እውነቱን ነው። በየቀኑ፣ በየገጹ፣ "ነጂ፦ ቀለሙ"። ጽሕፈቱ ደግሞ የኔው። አሥረኛ ክፍል የጨረስኩት ለዚህ ነበር?

ማንም እንዲህ ጻፊ አላለኝም። ጀልባዋ የሱ ናት፣ የቤቱ አባወራ እሱ ነው፣ ታዲያ የራሴን ስም ብጽፍ ሰው ምን ይላል... እያልኩ በገዛ እጄ ራሴን ፋቅሁ።

አምላኩ ሁለት ነገር ጠየቀ። አንድ፣ ባለቤቴ መጥቶ እሱ እንዳልነዳ ይመስክር። ሁለት፣ እኔ መንዳቴን የሚያሳይ ሌላ መዝገብ። "አለዚያ ጀልባዋ ትታሰራለች፤ እኔም ቅር እያለኝ ነው" አለ።

ብትታሰርስ? ማዶ ያሉት ሰዎች ሞጣ ለመድረስ የአንድ ቀን ተኩል ዙሪያ ጥምጥም አለባቸው። ምጥ የያዛት ሴት አንድ ቀን ተኩል ትጠብቃለች?

መስከረም 14

ለቀለሙ ነገርኩት። "ሰው ፊት ቆሜ አላይም ልበል?" አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

መስከረም 16

ተመስገን። ተመስገን። ከየት ልጀምር?

ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት። ካህናቱ ማዶ ላለው ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ይሻገራሉ። እኛ ከካህናት አናስከፍልም፣ ከድሮም እንዲሁ ነው። መሪጌታ ሣህለ ማርያም ፊቴን አይተው "ወለተ ኪዳን፣ ምን ሆንሽ?" አሉኝ። እሳቸው በክርስትና ስሜ እንጂ ባንቺዓለም ብለውኝ አያውቁም። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

ሳቁ። ከቦርሳቸው ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡ። "ያሻገረንን ሰው ስም እንይዛለን፤ በጸሎት እናስበዋለን። አንቺን ሳይሆን ማንን ልንጽፍ ኖሯል?"

ጥር 16፣ ወለተ ኪዳን አሻገረችን። የካቲት 21፣ ወለተ ኪዳን። መጋቢት 27፣ ወለተ ኪዳን... የቆጠርኩት መቶ ሠላሳ አንድ ነው። ዓመተ ምሕረቱም አለበት። ክረምት ውኃው ገፍቶን ግማሽ መንገድ የተመለስንበት ቀን እንኳ ተጽፏል።

እኔ ስሜን ስፍቅ እነሱ ይጽፉ ነበር። አምስት ዓመት ሲጸለይልኝ ኖሮ አላውቅም። ሞተሩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ቀለሙ ሰምቷል፤ ፊቱን አዙሮ ውኃውን ያያል። ያያል ወይስ ይሰማል... እንጃ።

መስከረም 19

መሪጌታ ደብተሩን አምነው ሰጡኝ። አምላኩ ገጽ በገጽ ቆጠረ። ቀና ብሎ "ወለተ ኪዳን ማን ናቸው?" አለኝ።

"እኔ ነኛ።"

"መታወቂያዎ ላይ ባንቺዓለም ነው የሚለው።"

"ያንተስ የክርስትና ስም መታወቂያህ ላይ አለ?"

ፈገግ አለ። የለም። ግን የተጠመቅሁበት ቤተ ክርስቲያን ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በማኅተም ይጻፍ አለ። ተናድጄ ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ተከተለኝና የደብዳቤውን አጻጻፍ በራሱ እጅ ጽፎ ሰጠኝ፣ እንዳልመላለስ። ንዴቴ እዚያው በረደ።

መስከረም 22

ቢቸና። በግንደወይን፣ በደብረ ወርቅ አድርጌ ገባሁ። ወገቤ አልቋል።

የክርስትና እናቴ እማማ ይርጋነሽ በሕይወት አሉ። ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ምላሳቸው ግን ሃያ ነው። ምርኩዛቸውን ይዘው ራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ወሰዱኝ። የደብሩ ጸሐፊ "እማማ፣ ይቺ ወለተ ኪዳን መሆኗን በምን ያውቃሉ?" ሲላቸው፣

"አቅፌ ያስጠመቅኋት እኔ አይደለሁ? ስትጠመቅ ቄሱ ላይ ሸንታለች። ይኸንንም ጻፈው።"

ጸሐፊው በሳቅ ሞተ። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ማኅተሙ ተመታ።

ስለያቸው "ውኃ ላይ ነው አሉ ሥራሽ?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። "አትፈሪም?"

"እፈራለሁ፣ እማማ።"

"ፍሪ፣ ልጄ። የምትፈሪ ከሆነ እኔም እሳፈራለሁ" አሉና ጉልበቴን ሳይቀር ስመው መረቁኝ። እኔ ነበርኩ ጉልበታቸውን መሳም የነበረብኝ።

መስከረም 24

ሞጣ መናኸሪያ ስወርድ ቀለሙ ቆሟል። ብቻውን። ያን ሁሉ ዳገት እንዴት ወጣው? ሱሪው ጉልበቱ ላይ ጭቃ ነው፤ ወድቋል ማለት ነው። አልጠየቅሁትም።

"ነገ ቢሮው አብረን እንሂድ" አለኝ።

ክንዱን ያዝኩት።

መስከረም 25

ቆሞ ነው የመሰከረው። ቁጭ በል ቢባል እንቢ አለ።

"አምስት ዓመት ሞተር አልነካሁም። ዓይኔ ከአፍንጫዬ አያልፍም። ደብተሩ ላይ ያለው ስሜ ውሸት ነው፣ ውሸቱም የሷ አይደለም፣ የኔ ነው። እያለማመድኳት ነው ስል ነበር። ሰው እንዳይንቀኝ ብዬ ነው። እሷ አንድ ቀን ሰው ፊት አሳጥታኝ አታውቅም።"

አምላኩ ቃሉን እስከ መጨረሻው ጻፈ። ከዚያ "አባቴ፣ በዚሁ ይፈርሙ" አለና ጣቱን ይዞ መፈረሚያውን አሳየው።

ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ዛሬ የወደድኩትን ያህል የወደድኩት ቀን ትዝ አይለኝም።

መስከረም 30

የዓይን ምርመራ። የኔ ደህና ነው። ነርሷ ሰገነት "እሳቸውንስ?" አለች። ቀለሙ አምስት ዓመት ሐኪም ቤት አልረገጠም፤ ከተመረመረ ሰው ያውቃላ። አሁን ግን የሚደበቅ ነገር የለም። ተቀመጠላት።

የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አለች። አንደኛው ዓይን ተስፋ አለው፣ ለታኅሣሥ ተቀጥሯል። የሌላው እንጃ። ለአንዱም ቢሆን... ያን ወረቀት ስንት ቀን ረግሜው ነበር! ይቅር ይበለኝ።

ጥቅምት 14

ፈተና። መጀመሪያ በቃል፣ ቀጥሎ ውኃ ላይ። ሞተር መሐል ላይ ቢጠፋ? መልሕቁን እጥላለሁ፣ ሰው እንዳይነሳ አዛለሁ፣ ከዚያ መቅዘፊያ። እሱን ከሰኔ ወዲህ ብቻ ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ። የመብራት ምልክቶቹን አንዱን ሳትኩ። እኛ በጨለማ አንሻገር፣ ከየት ልልመደው?

አለፍኩ። አርባ አራት ከሃምሳ።

ጥቅምት 28

ወረቀቱን ሰጡኝ። ባንቺዓለም ይላል። ቀለሙ ሁለት ጊዜ በጣቱ ዳሰሰው።

ኅዳር 3

የገበያ ቀን። የጀልባዋ ልክ አሥራ ሁለት ተሳፋሪ ነው። ድሮ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ብለን አሥራ አምስትም ጭነን እናውቃለን። ዛሬ ማዶ ላይ ከቀለሙ ጋር አሥራ ሁለት ሞልቶ ልነሳ ስል አንዲት ሴት ትኩሳት ያለበት ልጅ ታቅፋ እየሮጠች መጣች። ሐኪም ቤት ልታደርሰው ነው።

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ማን ይውረድ? ሁሉም ከፍሏል፣ ሁሉም ጉዳይ አለው። ያልከፈለው ቀለሙ ብቻ ነው። ከጎኔ፣ በቦታው።

"ጠጋ ብንልላትስ?" አለ አንዱ።

"አይሆንም" አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። "ቀለሙ፣ ውረድ።"

በሰው ፊት አዝዤው አላውቅም። ቀለሙ መንሳፈፊያ ላይፍ ጃኬቱን አወለቀ፣ የጀልባዋን ጠርዝ እየዳበሰ ወረደ፣ ጃኬቱን ለሴትዮዋ ሰጣት። ገመዱን በእጁ ፈልጎ ፈታልኝ።

ተሻገርኩ። አኩርፎ ይሆን? ጥሎኝ ሄዶ ይሆን? ሴትዮዋ ስትወርድ ትከሻዬን ሳመችኝ፤ ደህና ዋይ ያልኳት እንኳ አይመስለኝም፣ ልቤ ከኋላ ነበር።

ስመለስ እዚያው ቆሟል፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ድምፅ አቅንቶ። ጀልባዋ አፈሩን ነክታ የሚወርዱት ወርደው የሚሳፈሩት ሲገቡ፣

"ስንት ሰው ይዘሻል?" አለኝ።

"ሰባት።"

"ታዲያ ለኔ ቦታ አለ?"

"አለ" አልኩት። እጁን ዘረጋልኝ፣ ይዤ አስገባሁት።